የሱፐርቫይዘርነት ስልጠና ጅማ ላይ፦ ከ3 ወር በኋላ የምሰጠው አስተያየት

ይሄን ሪቪው ስልጠናውን በጨረስኩ ማግስት ልፅፈው ነበር ግን ሆን ብዬ 3 ወር ጠበቅኩ። ከስልጠና የወጣ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ነገር ጥሩ ይመስለዋል፣ ሰርተፍኬቱ አዲስ ነው፣ ሆቴል ምሳ ሲበላ ሰንብቷል፣ አሰልጣኞቹም ደግ ሰዎች ናቸው። እኔ ማየት የፈለግኩት ስራ ቦታዬ ተመልሼ ምን ተቀየረ የሚለውን ነው። አሁን አይቻለሁ፣ ስለዚህ የጠየቃችሁኝም ያልጠየቃችሁኝም አንብቡት፣ ረዘም ይላል።

መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ ካለዛ አስተያየቴ አይገባችሁም። ጅማ ውስጥ አንድ ቡና መቀሸሪያና ማዘጋጃ ውስጥ ነው የምሰራው። 6 አመት ለቃሚ ነበርኩ፣ ማለትም ከቡናው ውስጥ የተበላሸውን ፍሬ በእጅ እየለየሁ የማወጣ፣ ከዛ 2 አመት መዝጋቢ፣ አምና ህዳር ላይ ማናጀሩ ጠዋት ጠርቶኝ "ከዛሬ ጀምሮ የለቀማውን ክፍል አንቺ ያዢው" አለኝና ቁልፍና አንድ ደብተር ሰጠኝ፣ በቃ። 38 ሴቶች። ግማሾቹ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ የለቀምኩ ጓደኞቼ፣ ጥቂቶቹ በእድሜ እናቶቼ ናቸው። እንዴት ነው የሚመራው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፣ እኔም ልጠይቅ አልደፈርኩም። ስራውን ስለማውቅ ሰውም መምራት የማውቅ መሰላቸው፣ ለኔም እንደዛ መሰለኝ። ይሄ የኔ ብቻ ታሪክ አይደለም፣ ስልጠናው ላይ ያገኘኋቸው ሁሉ የሚያወሩት አንድ ነው፣ ጎበዝ ነርስ ነበረች ሄድ ነርስ ሆነች፣ ጎበዝ አስተናጋጅ ነበር ካፒቴን ሆነ፣ ጎበዝ መካኒክ ነበር ፎርማን ሆነ፣ ከዛ ሁሉም ከበፊቱ አለቃ ያየውን ደገመ።

እኔ ያየሁት ጩኸት ነበር ስለዚህ ጮህኩ። ጥር ላይ ከጨረስነው ውስጥ 9 ኬሻ ተመለሰብን፣ ጥቁርና ነቀዝ የበላው ፍሬ በዝቶበት። ማናጀሩ እኔ ላይ ጮኸ፣ እኔ ደግሞ በቀጥታ ወደ ለቀማው ሄጄ ኬሻው የመጣበትን ረድፍ አይቼ አንዷን እናት በ37ቱ ፊት ተናገርኳት። አዴ ነው የምንላት ሁላችንም፣ ለቀማ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ምንም አልመለሰችልኝም፣ ነጠላዋን አራግፋ ትከሻዋ ላይ አደረገችና እጇ ላይ የነበረውን ቡና መልሳ ሰፌዱ ላይ አፍስሳ ወጣች፣ 3 ቀን አልመጣችም። በዛ ሳምንት ክፍሉ ውስጥ ወሬ የሚባል ጠፋ፣ ስገባ ዝም፣ ስወጣ ሹክሹክታ። የተመለሰው ኬሻም አልቀነሰም። ስልጠናውን የፈለግኩት ያን ጊዜ ነው፣ አንዲት ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያውን ስትልክልኝ ሳላመነታ ነው የተመዘገብኩት።

አሁን ወደ ስልጠናው። የድርጅቱን ስም እዚህ አልፅፍም፣ ቅሬታም ስላለኝ በአደባባይ ስም ማንሳት አልፈለግኩም፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ዋጋው 5,000 ብር ነው፣ ግማሹን መስሪያ ቤቴ ግማሹን እኔ ከፈልን፣ ከአንድ መስሪያ ቤት 3 ሰው ከመጣ ይቀንሳሉ። ከማክሰኞ እስከ አርብ 4 ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል፣ ቦታው አጂፕ አካባቢ አንድ ሆቴል አዳራሽ። 26 ሰው ነበርን፣ ከክሊኒክ፣ ከባንክ፣ ከሆቴል፣ ከእንጨት ስራ ቤት፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ደግሞ 4 ልጆች።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ደካማ ነው፣ በግልፅ ልናገር። ፓወርፖይንቱ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፣ የማኔጅመንት ትርጉም፣ የሊደርሺፕ ትርጉም፣ ልዩነታቸው፣ አንድ ሰዓት ተኩል በዚህ አለቀ። ከኋላዬ የተቀመጠው የእንጨት ቤት ፎርማን 20 አመት በእጁ የሰራ ሰው ነው፣ ደብተሩን ከፍቶ እስክሪብቶውን እንደያዘ አንድ ቃል ሳይፅፍ ሻይ እረፍት ደረሰ። እንደዚህ አይነት ሰው ነው እኮ ይሄ ስልጠና የሚያስፈልገው። በሻይ ሰዓት ሄደን ነገርናቸው፣ ከዛ ሁለተኛው አሰልጣኝ በአማርኛ እያስረዳ ከበድ ሲል በኦሮምኛ መድገም ጀመረ፣ ነገሩ ያኔ ህይወት ዘራ። ግን ወረቀቱ እስከመጨረሻው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ጅማ ላይ ስልጠና የሚሰጥ ድርጅት ፅሁፉን በኦሮምኛና በአማርኛ ማዘጋጀት ግዴታው ነው ብዬ አምናለሁ፣ 5,000 ብር ተቀብሎ ይሄን አለማድረግ ትክክል አይደለም።

ከሰዓት ላይ ስለ ቡድን ሲጀመር ክፍሉ ፊቱን አጠቆረ። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እኛ አገር ቡድን ሲባል አንድ ለአምስት ነው ትዝ የሚለን፣ ስብሰባ ሲባል ግምገማ። አንዷ ነርስ እጇን አውጥታ "በቡድን ስንሰበሰብ ሁልጊዜ የሆነ ሰው ተገምግሞ ነው የምንወጣው" አለች፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አሰልጣኙ ይሄን አልሸሸውም፣ ደስ ያለኝም እሱ ነው። ቡድን ማለት ዝርዝር ላይ ስም መፃፍ ሳይሆን የአንዱ ስራ ሌላው እጅ ላይ ሲደርስ ምን ሆኖ እንደሚደርስ ማወቅ ነው አለና ሁላችንም የራሳችንን ስራ ወረቀት ላይ እንድንስል አዘዘን፣ ስራው ከማን ይመጣል ወደ ማን ይሄዳል። እኔ ከማሽን ክፍል ጀምሬ እስከ ኬሻ ሰፊው ድረስ ስስል አንድ ነገር አየሁ። 8 አመት ሙሉ ለቀማና ማሽን ክፍል ይወቃቀሳሉ፣ እነሱ "ለቃሚዎቹ አይን የላቸውም" ይላሉ እኛ "ማሽኑን በደንብ አይገጥሙትም" እንላለን፣ ግን ማሽን ላይ ያሉት ልጆች እኛ ጋ ሲደርስ ቡናው ምን እንደሚመስል አንድም ቀን መጥተው አላዩም። እኛም እነሱ ጋ ሄደን አናውቅም፣ በመሀከላችን ያለው አንድ ግድግዳ ነው።

ከዛ የቡድን እድገት ደረጃ የሚባለውን አሳዩን፣ ብሩስ ተክማን የሚባል አሜሪካዊ የስነልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ነው፣ መሰባሰብ፣ መጋጨት፣ መላመድ፣ ከዛ በአንድ ልብ መስራት፣ በ1977 ደግሞ ከሜሪ አን ጄንሰን ጋር ሆኖ አምስተኛ ጨመረበት፣ መበተን። ሌላው ሰው አራቱን ነበር የፃፈው እኔ ግን አምስተኛው ላይ ቆምኩ። የኛ ስራ ወቅታዊ ነው፣ እሸት ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ከዛፍ ይለቀማል፣ ህዳር ታህሳስ ላይ አዳዲስ ሴቶች ይመጣሉ፣ ክረምት ሲደርስ ግማሹ ይበተናል። ማለትም የኔ ክፍል በየአመቱ ልክ መላመድ ሲጀምር ይፈርሳል፣ እንደገና ከመጋጨት እንጀምራለን፣ እኔ ደግሞ ይሄን የሴቶቹ ፀባይ አድርጌ ነበር የማየው። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። ዘንድሮ አዲስ የምትገባ ሴት ሁሉ ከአንዲት ነባር ጎን ነው የምትቀመጠው፣ ነባሯም ከኪሎ ክፍያዋ እንዳትጎዳ አዲሷ የለቀመችው ለነባሯ እንዲታሰብላት ማናጀሩን ለምኜ አስፈቅጃለሁ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው ግን በቂ ነው።

ሁለተኛው ቀን የስልጠናው እምብርት ነው። ሌላውን ቀን ቀርታችሁም ቢሆን ይሄን ቀን እንዳትቀሩ። ስራ ማሳየት ነው ርእሱ። አሰልጣኙ "ማን ነው የሚያውቀውን ስራ ለማያውቅ ሰው የሚያስተምር" ሲል ወጣሁ፣ ከቦርሳዬ በፌስታል የያዝኩትን ቡና አውጥቼ ለባንክ ቤቱ ልጅ ጥቁሩን፣ ስባሪውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ ጮርቃውን በ5 ደቂቃ ነገርኩት፣ አፌ ፈጣን ነው። "ገባህ?" አልኩት፣ "ገባኝ" አለ። ከዛ አንድ እፍኝ ሰጥቼው ለይ ስለው ደህናውን ጥሎ ነቀዝ የበላውን ያዘ። ነቀዙ የበሳት ቀዳዳ እኮ የመርፌ ጫፍ ነው የምታክለው፣ እኔ ሳላስበው አያታለሁ፣ እሱ ግን ቀዳዳ እንደሚፈልግ እንኳን አልነገርኩትም።

ከዛ አሰልጣኙ ራሱ የትኛው ፍሬ ምን እንደሆነ ከኔ ጠይቆ አንድ በአንድ አሳየው። መጀመሪያ ልጁን አረጋጋው፣ ቡና ከዚህ በፊት ለቅመህ ታውቃለህ፣ ቤት ውስጥ እናትህ ስትለቅም አይተሃል ብሎ። ከዛ አንድ ነቀዝ የበላው ፍሬ ብቻ መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ ገልብጠው፣ ቀዳዳዋን በጥፍርህ ንካት። ከዛ "አሁን አንተ ለኔ አሳየኝ፣ እያሳየኸኝም ለምን እንደምንጥለው ንገረኝ" አለው። ልጁ እየተናገረ ሲሰራ የቱ ጋ እንዳልገባው ወዲያው ይታያል። በመጨረሻ እፍኝ ሰጥቶት ዞር አለና ቆይቶ ተመልሶ አየለት። ማዘጋጀት፣ ማሳየት፣ ማሰራት፣ ተመልሶ ማየት፣ 4 ነገር ነው። ይሄ በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካዎች ልምድ የሌለው አዲስ ሰው በብዛት ሲቀጥሩ የወጣ ዘዴ ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ሄዶ ካይዘን የምንለው፣ ስራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል ዘዴ፣ ውስጥም ገብቷል። የዘዴው መፈክር "ሰራተኛው ካልተማረ አስተማሪው አላስተማረም" ነው። ይሄን ሲል አዴ ትዝ አለችኝ። ያ 9 ኬሻ የመጣው ከአዴ ረድፍ ነው፣ አዴ ረድፍ ላይ ግን በዛ ሳምንት 4 አዲስ ልጆች ነበሩ፣ እኔ ነኝ ያስገባኋቸው፣ "እዩና ልቀሙ" ብዬ ነው የሄድኩት።

ከሰዓት ደግሞ ሰው እንዴት ይታረማል የሚለው ነበር፣ ሁለት ሁለት ሆነን ተለማመድን። ለብቻ መጥራት፣ ያየሁትን መናገር እንጂ ፀባይዋን አለመናገር፣ ምን እንዳስከተለ መንገር፣ ከዛ ዝም ብሎ እሷ የምትለውን መስማት። "ሰነፍ ነሽ" ማለትና "ዛሬ ከሰፌድሽ ላይ 12 ጥቁር ፍሬ አገኘሁ፣ ምን ሆኖ ነው?" ማለት አንድ አይደለም። መስማቱ ነው ከባዱ፣ እኔ ሶስቴ ስለማመድ ሶስቴም ሰዉ ሳይጨርስ ገባሁበት፣ አራተኛው ላይ ነው የቻልኩት። ለታላቅ ሰው ሲሆን ደግሞ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩ፣ አሰልጣኙ ክፍሉን ጠየቀ፣ የእንጨት ቤቱ ፎርማን ያን ጊዜ ነው አፉን የከፈተው፦ "ትልቅ ሰው ስራውን በምክር ጠይቀው፣ አባባ ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ በለው፣ ስህተቱን ራሱ ያሳይሃል።" ከስላይዱ ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል።

ሶስተኛው ቀን የአሰሪና ሰራተኛ ህግ ነበር፣ እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሰዓቱ ሄደ፣ ህጉ በ40 ደቂቃ ተሮጦ አለቀ፣ ሱፐርቫይዘር ደግሞ በየቀኑ የሚጋፈጠው ይሄን ነው። ቢሆንም የፃፍኩትን ላካፍላችሁ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፣ መደበኛ ስራ በቀን ከ8 ሰዓት በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፣ የሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም፣ የመጀመሪያ አመት የአመት ፈቃድ 16 የስራ ቀን። ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በበአል ቀን በ2.5። ትርፍ ሰዓቱ ራሱ በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ከኛ ውስጥ ብዙዎቹ የሚያውቁት የድሮውን 1.25 ነበር፣ እኔንም ጨምሮ። ሰራተኛ ሲጠይቀኝ የተሳሳተ መልስ እሰጥ ነበር ማለት ነው፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም የሰው እንጀራ ነው።

ምሳውን በተመለከተ፣ እሮብ ቀን ቡፌው ላይ የፆም ምግብ ያለው ሰላጣና ዳቦ ብቻ ነበር። ስለ ቡድን የሚያስተምር ድርጅት ማን እንደሚፆም ሳይጠይቅ ምሳ ማዘዝ የለበትም። ስንነግራቸው አርብ ላይ በየአይነቱ ጥሩ አድርገው አቀረቡ፣ ለሶላትም ክፍል አዘጋጅተው ነበር፣ እሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው፣ ሊመሰገኑ ይገባል።

አርብ ከሰዓት የቡድን ግንባታ ጨዋታ ተብሎ በመኪና ወደ ጅሬን ወጣን፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግስት ጎበኘን፣ ከዛ ሜዳ ላይ ገመድ ጉተታ፣ እንቁላል በማንኪያ ይዞ መሮጥ ምናምን። ደስ ይላል፣ ሳቅን፣ ከላይ ሆኖ ከተማዋን ማየትም አንድ ነገር ነው። ግን ገመድ አብሮኝ የጎተተው ሰው የክሊኒክ ነው እኔ የቡና ነኝ፣ ሰኞ አንገናኝም። ጨዋታ የሚጠቅመው አብረው የሚሰሩ ሰዎች አብረው ሲጫወቱ ነው፣ ከየመስሪያ ቤቱ የተለቃቀመ 26 ሰው ግማሽ ቀን ማስሮጥ ለኔ ባዶ ነው፣ ያ ጊዜ ለህጉ ቢሰጥ ይሻል ነበር።

ገንዘቤ አልባከነም ያስባለኝ ግን ከዛ በኋላ የመጣው ነው። በ5ኛው ሳምንት ሁለተኛው አሰልጣኝ ስራ ቦታዬ ድረስ መጣ፣ በክፍያው ውስጥ ያለ ነው። ግማሽ ቀን ጥግ ላይ በርጩማ አስቀምጦ ዝም ብሎ አየኝ፣ አልፎ አልፎ ይፅፋል። ሲጨርስ ወረቀቱን ሰጠኝ፣ የመቀመጫውን ረድፍ ስሏል፣ ያናገርኳቸው ሴቶች ላይ ነጥብ አድርጓል። ነጥቡ በሙሉ በሩ አጠገብ ያሉት ሁለት ረድፎች ላይ ነው። ከኋላ የተቀመጡትን 14 ሴቶች ጠዋቱን ሙሉ አንድ ቃል አላናገርኳቸውም፣ አንዲቷን እንኳን። ከኋላ የሚቀመጡት እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀኝ፣ ሳስበው አዲሶቹና አማርኛ ብዙ የማይናገሩት ናቸው። ይሄን የትኛው ስላይድ ይነግረኛል? አሁን ጠዋት ስገባ ከኋላው ረድፍ ነው የምጀምረው፣ ኦሮምኛዬም እየተስተካከለ ነው።

ሌላ የተቀየረው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 10 ደቂቃ ቆመን እናወራለን፣ ትናንት ምን ተመለሰ፣ ዛሬ የየት ቡና ነው የሚገባው፣ ከማሽን ክፍል አንድ ልጅ ይመጣል። ሲጀመር ግምገማ መስሏቸው ሁለት ሳምንት ማንም አልተናገረም፣ እኔም አላስገደድኩም፣ ከዛ አንድ ቀን አንዷ ልጅ "ትናንት የመጣው ቡና ስባሪ በዝቶበታል" ስትል የማሽኑ ልጅ ሄዶ ፈትቶ አየ፣ እውነትም ማስተካከል የሚገባው ነገር ነበረ። የእረፍት ሰዓትም ተቀየረ፣ የሚሰግዱት ለዙህር ሲወጡ የቀሩት "እኛ እየሰራን እነሱ ያርፋሉ" ይሉ ነበር፣ አሁን የሁሉም እረፍት በዛ ሰዓት ሆነ፣ ቡናው ያኔ ይፈላል፣ ጉርምርምታው ቀረ። የሚመለስ ኬሻ በፊት በሳምንት 7 ወይ 8 ነበር፣ ባለፈው ወር አንድ ሳምንት 3፣ ሌላው 2።

አዴን ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ቆጪ ነው የምትኖረው። ይሄ ስልጠናው ላይ የለም፣ ግን ከሁለተኛው ቀን በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በፊትም ሰው ልኬ ነበር ስራ የተመለሰችው፣ እኔ በአፌ ግን አላልኳትም ነበር። ቡና አፈላችልኝ፣ ሶስተኛው ላይ "በሰው ፊት የሰደብሽኝን በሰው ፊት ካሺኝ" አለችኝ፣ ሰኞ ጠዋት በ10 ደቂቃዋ ላይ በሁሉም ፊት ካስኳት። አሁን አዲሶቹን የምታሳየው እሷ ናት፣ አራቱን ነገር አስተምሬያት ከኔ በላይ ትችለዋለች፣ ዝም ብላ ፍሬውን መዳፋቸው ላይ ታስቀምጣለች።

ያልተቀየረው ማናጀሩ ነው። እሱ አሁንም በሰው ፊት ይጮሃል፣ እኔ ጠዋት የገነባሁትን ከሰዓት ያፈርሰዋል። ስልጠናው ሱፐርቫይዘሩን ብቻ ነው የሚጠራው፣ ከበላዩ ያለውን ለግማሽ ቀን እንኳን አይጠራም። ለድርጅቱ በፅሁፍ ነግሬያቸዋለሁ፣ እናስብበታለን ብለዋል፣ እስካሁን ግን ምንም የለም።

ልትመዘገቡ ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፣ ስራ ቦታ መጥተው ያያሉ ወይ፣ ፅሁፉስ በየትኛው ቋንቋ ነው። መጥተው የማያዩ ከሆነ እኔ 5,000 አልከፍልም፣ ሌላም ስልጠና ቢሆን። ከ5 ኮከብ 4 እሰጣቸዋለሁ፣ ከ4ቱ ሁለቱ አሰልጣኙ ስራ ቦታዬ መጥቶ ላየኝ ግማሽ ቀን ነው። ከአንድ መስሪያ ቤት ሁለት ሰው ሆናችሁ ሂዱ፣ ለብቻ መመለስ ይከብዳል፣ የተማራችሁትን የሚያስታውሳችሁ ሰው የለም፣ እኔ ለሚቀጥለው ዙር ምክትሌን አስመዝግቤያታለሁ።

አዳራሹ 3ኛ ፎቅ ላይ ነው፣ እኛ በነበርንበት ሳምንት ሊፍቱ አይሰራም ነበር፣ ነፍሰ ጡር ወይም እግሩን የሚያመው ሰው ካለ ቀድማችሁ ደውሉላቸው፣ ታች ያለውን ክፍል ያዘጋጃሉ።